አንቀጽ 27 እና 29 ችሎት ሲደርሱ

ይሄ ለሕግ ተማሪዎችና አብረዋቸው ለመጡ ጓደኞቻቸው ያደረግኩት ንግግር ነው። ጓደኞቻቸው የሕግ ሰዎች ስላልነበሩ ቋንቋውን ቀለል አድርጌው ነበር። ሲጻፍም እንደዚያው ትቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ሃይማኖት ነፃነት፣ ስለ መናገር ነፃነትና ስለ ዜጎች መብት አውራልን ተብዬ ነው የመጣሁት። በእንዲህ ያለ ርዕስ ላይ ብዙዎቻችን የምናደርገው ይታወቃል። ሕገ መንግሥቱ ይከፈታል፣ አንቀጾቹ ይነበባሉ፣ ከዚያ «ወረቀት ላይ አለ፣ መሬት ላይ የለም» ይባልና ይጨበጨባል። ውሸት አይደለም። ግን ይቺ አባባል ማንንም አትነካም። ማን ነው ያላከበረው? የትኛው ቢሮ? የትኛው ችሎት? አይታወቅም። ሁላችንም ተማርረን ወደየቤታችን እንሄዳለን።

እኔ ዛሬ ማንሳት የምፈልገው ከዚያ ጠበብ ያለ ነገር ነው። መብትህ ተነካ እንበል። አንቀጹን ይዘህ ማን ፊት ትቆማለህ? ያ ሰውስ አንቀጹን አንብቦ ይፈርድልሃል ወይስ «ይሄ እኔን አይመለከተኝም፣ ሌላ ቦታ ጠይቅ» ብሎ ይሸኝሃል? በኔ እምነት የአገራችን ዋናው ችግር ያለው እዚህ ጋ ነው። አንቀጾቻችን መጥፎ አይደሉም። እንዲያውም አንዳንዶቹ የሚያስቀኑ ናቸው። የጎደለው ችሎት ላይ ደፍሮ የሚያነባቸው ዳኛ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ጽሑፉን እንየው፤ ብዙ ሰው ሳያነበው ነው የሚጠቅሰው። ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ ከነሐሴ 15 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ አይገባም፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ አይገባም። አንቀጽ 27 ደግሞ ሁለት ነገር ይለያል፤ ልዩነቱን ልብ በሉልኝ። አንደኛው የፈለግከውን እምነት መያዝ ነው። እዚህ ላይ ማንም በኃይልም ሆነ በሌላ መንገድ ሊያስገድድህ አይችልም፣ ገደብም አልተጻፈበትም። ሁለተኛው እምነትህን መግለጽ ነው፤ ማምለክ፣ ማስተማር፣ መስበክ፣ አደባባይ መውጣት። ይሄኛው በንዑስ አንቀጽ 5 መሠረት ሊገደብ ይችላል። ግን የሚገድበው ሕግ መሆን አለበት፣ ምክንያቶቹም ተቆጥረው ተቀምጠዋል፦ የሕዝብ ደህንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ የሕዝብ ሞራል፣ የሌሎች ዜጎች መብትና ነፃነት፣ የመንግሥት ከሃይማኖት ነፃ መሆን። «አለቃዬ አልወደደውም» የሚል ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ወደ አንቀጽ 29፣ ወደ መናገር ነፃነት ስትሄዱ ቅድመ ምርመራ፣ ማለትም ሳንሱር፣ በማንኛውም መልኩ የተከለከለ ነው። የዛሬ ወጣት ይሄ ብዙም ላይገርመው ይችላል። ወላጆቻችሁን ጠይቁ። በንጉሡም በደርግም ጊዜ ሳንሱር የሚባል ነገር ነበር፤ ጋዜጣው ብቻ ሳይሆን ዘፈኑም ቴያትሩም እሱን ሳያልፍ አይወጣም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ንዑስ አንቀጽ 6 ነው። ሐሳብ የሚገደበው በሕግ ብቻ ነው ይላል፤ ሕጉ ራሱ ደግሞ አንድ ሐሳብ በይዘቱ ወይም በሰው አስተሳሰብ ላይ በሚያመጣው ውጤት ምክንያት መታፈን የለበትም በሚል መርህ ላይ መቆም አለበት። ከዚያ ገደብ የሚፈቀድባቸውን ይጠራል፦ የወጣቶች ደህንነት፣ የሰው ክብርና መልካም ስም። የጦርነት ቅስቀሳና ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ ንግግር ይከለከላል። አለቀ። ብሔራዊ ደህንነት የሚል ነገር እዚህ ንዑስ አንቀጽ ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙም። የዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን እንኳ በብሔራዊ ደህንነት ምክንያት መገደብን ይፈቅዳል፣ የኛው ግን አልጻፈውም። እንግዲህ ባለፉት 30 ዓመታት ጋዜጠኛ የተከሰሰባቸውን ክሶች አስታውሱና ስንቶቹ በዚህ ወንፊት ያልፋሉ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። እኔ መልሱን አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ።

ይሄን ሁሉ የሕግ ወሬ ወደ ሰፈር እናውርደው።

አዲስ አበባ ውስጥ የምትኖሩ ሁሉ ሞንታርቦ ታውቃላችሁ። ሌሊት የቤተ ክርስቲያኑ፣ ንጋት ላይ የመስጊዱ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የኪራይ አዳራሹ። መሀል ላይ አውቶቡስ ፌርማታ የሚሰብክ ልጅ አለ፣ እሱም የራሱን ትንሽ ማጉያ ይዟል። እዚያው አጥር ግቢ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ጠዋት ልትተኛ የገባች ነርስ አለች፣ ለማትሪክ የሚያጠና ልጅ አለ፣ እንቅልፍ ያጡ የታመሙ እማማ አሉ። እማማ ምናልባት የሚያስጨንቃቸው የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ነው፣ ግን ይሄን አፍ አውጥተው አይናገሩም። የሚናገር ሰው ከተገኘ ወረዳ ይሄዳል። ወረዳው ምን ይላል? ወይ «የሃይማኖት ነገር ነው፣ እሳት ነው፣ አንነካካውም» ይላል፣ ወይ ደግሞ አቤቱታው በቁጥር አነስ ባሉት ላይ ከሆነ ቶሎ ይንቀሳቀሳል።

ሁለቱም መልስ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል። የመጀመሪያው የነርሷን መብት ረሳ። ሁለተኛው እኩልነትን ረሳ። ትክክለኛው መልስ ደግሞ በጣም ደረቅ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፣ የድምፅ ደረጃም ወጥቷል፤ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል። ባለሙያው መለኪያውን ይዞ ይመጣል፣ አጥሩ ጋ ይቆማል፣ ቁጥሩን ያነባል። ጸሎቱ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ግጥሙን አይሰማም። የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቀንሱት።» ለሦስቱም ያው። አንቀጽ 27 ንዑስ 5 ማለት ይሄ ነው፤ ይሄን ያህል ቀላል የሆነውን ነገር ማድረግ ያቃተን ሕጉ ጠፍቶ አይደለም።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፣ አላበዛም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጓት ነበር። በአንቀጽ 40 ሌሎቹም ሥርዓታቸውን በሕግ መሠረት እንዲፈጽሙ ፈቀደ፣ ለፖለቲካ እስካላዋሉት ድረስ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት ዘመን ያንን አንቀጽ ይዞ የት ይኬዳል? ስለዚህ ሰው አደባባይ ወጣ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች እጅግ ትልቅ ሰልፍ አደረጉ፣ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። ከጥያቄያቸው አንዱ በዓሎቻችን ይከበሩ የሚል ነበር። ሌላው ደግሞ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» አትበሉን፣ ኢትዮጵያውያን ነን የሚል። ደርግ በሚቀጥለው ዓመት በዓሎቹን አወጀ። በኋላ ግን ሁሉንም ቤተ እምነት እኩል ማስጨነቁ አልቀረም። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ የተገደሉት በአንድ ክረምት ነው፣ በ1971። ያኔ አገሪቱ ሕገ መንግሥት የሚባል ነገር አልነበራትም። የንጉሡ በመስከረም 1967 ታግዷል፣ የኢሕዲሪ፣ ማለትም ደርግ ያቋቋመው ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት፣ በ1980 ነው የመጣው። እሱም የሃይማኖት ነፃነትን በአንድ እጁ ሰጥቶ ከአብዮቱ ጥቅም ጋር እንዳይጋጭ ብሎ በሌላው ያዘው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው የእምነት ነፃነቴ ተነካ ካለ በአካባቢው ያለው ተራ የፌዴራል ዳኛ ሕጉን ከሕገ መንግሥቱ ጋር አስተያይቶ ሊጥለው ይችላል። ጀርመን ለዚህ የተለየ ፍርድ ቤት አላት፣ ካርልስሩህ ከተማ ውስጥ። እኛ ጋ ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው በአንቀጽ 62 እና 83 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አባላቱ ዳኞች አይደሉም፣ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች ናቸው። የሚያግዛቸው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው፤ 11 አባላት አሉት፣ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው። ለምን እንዲህ ተደረገ? ሕገ መንግሥቱ የብሔሮች ቃል ኪዳን ስለሆነ ትርጉሙም የእነሱ ነው ከሚል ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ይገባኛል። ክልልና ክልል በወሰን ሲጣሉ፣ የበጀት ቀመር ሲነሳ፣ ያስኬዳል። ግን ማይክራፎኑን የተነጠቀ ሰባኪ ወይም ፌስቡክ ላይ በጻፈው ነገር የታሰረ አስተማሪ ጉዳይ የብሔሮች ድርድር አይደለም። የአንድ ሰው ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ቅርብ ያለ ዳኛ ነው።

ያም ሆኖ ይሄ በር አንዳንዴ ይከፈታል። የምወደውን ጉዳይ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የውርስ ክርክር ይነሳል። ክሱ የሚቀርበው ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። አንዲት ሴት በተከሳሽነት ትጠራለች። ሙስሊም ናት። ቀርባም «እዚህ መዳኘት አልፈልግም፣ መደበኛ ፍርድ ቤት ይየው» ትላለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ 5 ላይ በሃይማኖት ሕግ መዳኘት የሚቻለው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው ይላል። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188/1992ም ፈቃድ ይጠይቃል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ግን ተቃውሞዋን አልተቀበለም፣ ጉዳዩን ቀጠለና ፈረደ። ይግባኝ አለች፣ አልተሳካም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ድረስ ሄደች፣ እዚያም አልተሳካም። መጨረሻ ላይ ጉዳዩ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ፣ ምክር ቤቱ በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ውሳኔ ሁሉ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ሻረው።

ይሄን ጉዳይ የምወደው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው፣ የሃይማኖት ነፃነት ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ተቋሙን ነው፤ ቤተ ክርስቲያኗን፣ መጅሊሱን፣ ኅብረቱን። ይቺ ሴት ግን ነፃነቷን የፈለገችው ከራሷ ሃይማኖት ፍርድ ቤት ነው። ከእምነቷ አልወጣችም፣ ማንንም አልተሳደበችም፣ «ምርጫው የኔ ነው» ብቻ ነው ያለችው። እንዲህ ዓይነት ሰው በየቤተ እምነቱ አለ፣ የሚያስታውሰው ግን የለም። ሁለተኛው ምክንያት ያናድደኛል። መልሱ እኮ ጥልቅ ትርጉም የሚፈልግ አልነበረም! ፈቃድ ያስፈልጋል ተብሎ በአማርኛ ተጽፏል። «ፈቃድ ሰጥታለች?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃ ነበር። በየደረጃው ካሉት ዳኞች አንዳቸው እንኳ ቢጠይቁ ኖሮ ሴትየዋ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ባልተንከራተተች።

አንድ ረዘም ላለ ጊዜ ያስቸገረኝ ነገር ይሄው ነው። ዳኞቻችን «መተርጎም የኛ ሥልጣን አይደለም» የሚለውን ወስደው «ማንበብም የኛ ሥራ አይደለም» አድርገውታል። አንቀጽ 13 ንዑስ 1 ግን ሌላ ነገር ነው የሚለው። በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና የዳኝነት አካላት ምዕራፍ ሦስትን፣ ማለትም የመብቶቹን ምዕራፍ፣ የማክበርና የማስከበር ግዴታ አለባቸው። ዳኝነትም ተጠርቷል። ሳያነቡ ማስከበር እንዴት ይቻላል?

ችሎት ቁጭ ብላችሁ ብትከታተሉ ታዩታላችሁ። ጊዜ ቀጠሮ ነው እንበል፤ ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ቀን የሚጠይቅበት ችሎት። አንድ ልጅ የጻፈው ነገር በወረቀት ታትሞ መዝገቡ ላይ ተያይዟል። መርማሪው ይቆምና «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክር ሰምተን አልጨረስንም፣ ግብረ አበሮቹን አልያዝንም፣ 14 ቀን ይፈቀድልን» ይላል። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም፣ ለዚህ ነው ሁሌ 14 የሚጠየቀው። ጠበቃው ይነሳና «አንቀጽ 29...» ብሎ ሲጀምር ዳኛው እስክሪብቷቸውን ያስቀምጣሉ። «እሱን ክስ ሲመሠረት ታነሱታላችሁ» ይላሉ። ከዚያ ለሁለቱም ወገን የሚስማማ ይመስል 10 ቀን ይፈቅዳሉ። አሁን እስቲ አስቡት። ወንጀል ነው የተባለው ነገር ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ አለ። ከዚህ ሌላ የሚሰበሰብ ምን ማስረጃ አለ? ልጁ ቢለቀቅ የትኛውን ማስረጃ ያጠፋል? ዳኛው ይሄን ለመጠየቅ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ያለው ዳኛው እንዲጠይቅ ነው፣ ቀን እንዲቆጥር አይደለም።

ድሮ እኮ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ተጣልቶ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ይቆማል፣ አላፊ አግዳሚው ሽማግሌም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይዳኛቸዋል። ወራጅ ውሃ እንኳ ይቆማል ይባላል። እኛ ዘንድ ዳኝነት ቅርብ ነበር።

ጥሩ ምሳሌ የለም ወይ አትሉኝም? አለ። በ2017 ዓ.ም. አክሱም ላይ ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች በአለባበሳቸው ምክንያት ከትምህርትና ለብሔራዊ ፈተና ከመመዝገብ ተከለከሉ። ብዙ ክርክር ተነሳ፣ ሁሉም የየራሱን አለ። ጉዳዩ በከተማው ላለው ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ፍርድ ቤቱም በጥር ወር ክልከላውን የሚያግድ ትዕዛዝ ሰጠ። ተራ ፍርድ ቤት። አዲስ አበባ ድረስ የተላከ ነገር የለም። ትዕዛዙ ወዲያው ተከበረ አልተከበረም ሌላ ጥያቄ ነው፣ እሱን ለአስፈጻሚው እንተወው። የኔ ነጥብ ዳኛው «አይመለከተኝም» አላሉም። ፈተና የምዝገባ ቀነ ገደብ አለው፤ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ተልኮ ቢጠበቅ ኖሮ ልጆቹ ዓመቱን ባጡ ነበር።

ሁለት ትልልቅ ጉዳዮችን ደግሞ ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። በ2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው የሙስሊሞች ትምህርት ቤት፣ አወሊያ ላይ የተጀመረው «ድምፃችን ይሰማ» የሚባለው እንቅስቃሴ ጥያቄው ምን ነበር? መንግሥት አንድን አስተምህሮ አይጫንብን፣ የመጅሊስ አመራራችንን ራሳችን እንምረጥ። ምርጫው በቀበሌ ተካሄደ፤ እነሱ የፈለጉት በመስጊድ ነበር። የአንቀጽ 11 ጥያቄ ነው፣ ከዚህ የበለጠ ግልጽ የአንቀጽ 11 ጥያቄ አላውቅም። ከመሪዎቹ ብዙዎቹ ሐምሌ ላይ ታሰሩ፣ በፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ፣ በሐምሌ 2007 በ18 ሰዎች ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደ። በኋላ በይቅርታ ተፈቱ። ከዚያ በ2015 ተራው የኦርቶዶክስ ሆነ። ጥር 14 ቀን ከሲኖዶሱ ውጪ የጳጳሳት ሹመት ተሰጠ፣ ሲኖዶሱ አወገዘ፣ መንግሥት ጣልቃ እየገባ ነው የሚል አቤቱታ ቀረበ፣ ምእመናን በነነዌ ጾም ጥቁር ለብሰው ወጡ። ለየካቲት 5 ሰልፍ ተጠራ። በዚያው ሳምንት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩትዩብና ቲክቶክ ተዘጉ፤ ለአምስት ወር ገደማ ያለ ቪፒኤን አልተከፈቱም። ሰልፉ በንግግር ቀረ፣ ስምምነትም ተደረሰ፣ ማኅበራዊ ሚዲያው ግን ከስምምነቱም በኋላ ተዘግቶ ቆየ።

አያችሁት? ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ መንግሥት እጁን ያንሳ። ደግሞ የሃይማኖት ነፃነት ጥያቄ ሲነሳ መጀመሪያ የሚዘጋው አፍ ነው። አንቀጽ 27 ላይ የተነሳ ችግር ወዲያው አንቀጽ 29ን እና የሰልፍና የስብሰባ መብት የሆነውን አንቀጽ 30ን ይዞ ይወድቃል። «እኔ ስለ እምነቴ እንጂ ስለ ፖለቲካ ወሬ ነፃነት አያገባኝም» የምትል ሰው ካለህ እዚህ ውስጥ፣ የ2015ን የካቲት አስታውስ።

ሰልፍን ካነሳሁ አይቀር፣ አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚጠይቀው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ፈቃድ መለመን የሚል አልተጻፈበትም። በተግባር ግን ሰው ደብዳቤውን ይዞ ሄዶ ማኅተም ይጠብቃል፤ ማኅተሙ ካልመጣ ሰልፉ የለም። ስለ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም ብዙ ማለት ይቻላል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ሰው የሐሰት መረጃ ካሰራጨ እስከ ሦስት ዓመት ሊታሰር ይችላል። ሃይማኖታዊ ትምህርት፣ ዜና፣ የፖለቲካ ትችትና ኪነ ጥበብ በአዋጁ ነፃ ወጥተዋል፣ ያ ጥሩ ነው። ግን ትችት የት ያልቃል፣ ሐሰተኛ መረጃ የት ይጀምራል የሚለውን የሚወስነው መጀመሪያ ላይ ፖሊስ ነው። ዳኛው የሚደርሱት ልጁ ካደረ በኋላ ነው።

አሁን አንድ የማይመች ነገር። እስካሁን አንቀጾቹን አሞገስኩ፣ ይሄኛውን ግን አላሞግሰውም። አንቀጽ 93ን ክፈቱ። አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ መብቶች ሊታገዱ ይችላሉ። የማይነኩ ተብለው የተለዩት ግን አራት አንቀጾች ናቸው፦ 1፣ 18፣ 25 እና 39 ንዑስ 1 እና 2። አንቀጽ 18 ኢሰብዓዊ አያያዝ ክልክል ነው ይላል፣ ጥሩ። 25 እኩልነት ነው፣ ጥሩ። 39 የራስን ዕድል በራስ መወሰን ነው። አንቀጽ 1ስ? የመንግሥቱ ስም። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሚለው ስም በምንም ዓይነት ቀውስ አይነካም። አንቀጽ 27 ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። በሕይወት የመኖር መብትም የለም። ስሙ ከጸሎቱ የበለጠ ተጠብቋል ማለት ነው። ይሄን ስታነቡ ሳቅ ቢጤ ካልመጣባችሁ እኔ ብቻዬን ልሳቅ።

ነገሩ የሚያስቅ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከ2009 ጀምሮ ተደጋጋሚ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አይተናል። በ2012ቱ የኮሮና አዋጅ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ለሕዝብ ተዘጉ። ለጤና ነው፣ ያን ጊዜ ትክክል ነበር ብዬ ነው የማምነው። ግን ልብ በሉ፣ ጤና ቀድሞም በአንቀጽ 27 ንዑስ 5 ላይ አለ። ሃይማኖትን ለማገድ ሳይሆን የስብሰባውን ብዛት ለመወሰን አስቸኳይ ጊዜ አያስፈልግም ነበር።

መውጫ አለ? በኔ ንባብ አለ። ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶችን ቃል ኪዳን በ1985 ተቀብላለች። ቃል ኪዳኑ በአንቀጽ 4 የሃይማኖት ነፃነት በአስቸኳይ ጊዜም እንኳ አይታገድም ይላል፤ እምነትን መግለጽ ለጤናና ለመሳሰለው ሊገደብ ይችላል፣ መብቱ ግን አይታገድም። የኛ አንቀጽ 9 ንዑስ 4 የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። አንቀጽ 13 ንዑስ 2 ደግሞ ምዕራፍ ሦስት ከነዚህ ስምምነቶች ጋር በሚስማማ መንገድ ይተርጎም ይላል። ሦስቱን አገናኙና አንብቡ። ለጠበቃ ጥሩ ክርክር ነው፤ ደፋር ዳኛ ካለም ጥሩ ፍርድ ይወጣዋል። አንቀጽ 93 የበላይ ነው የሚል ይኖራል፣ እሱም ባዶ ክርክር አይደለም። ግን ቢያንስ ችሎት ላይ ይነገር።

ንግግሬ ሲያልቅ ብዙ ጥያቄ መጣ። አንዷ ተማሪ «ታዲያ ሰው ሲታሰር ቤተሰቡ መጀመሪያ ምን ያድርግ?» አለችኝ። የት እንዳለ ማወቅ፣ የተያዘበትን ሰዓት መጻፍ። 48 ሰዓት አልፎ ፍርድ ቤት ካልቀረበ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። አስቸኳይ ጊዜ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 93 ላይ መርማሪ ቦርድ የሚባል አለ፣ 7 አባላት ያሉት፣ የታሰሩትን ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለበት። ብዙ ሰው ይሄን ቦርድ አያውቀውም። ቦርዱም ራሱን አያስተዋውቅም።

ሌላው ልጅ «ለምን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አናቋቁምም?» አለ። ቢቋቋም ደስ ይለኛል። አንቀጽ 62 እና 83 ይሻሻሉ ማለት ነው። በአንቀጽ 105 መሠረት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መቀበል አለባቸው፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው በአብላጫ ድምፅ። ዛሬ 12 ክልሎች አሉ፣ ስለዚህ 8 ማለት ነው። የፖለቲካ ሥራ ነው፣ ቶሎ የሚሆን አይመስለኝም። ልጁ ቅር አለው። እኔም ያልኩት ይሄን ነው፦ አንተ ጠበቃ ስትሆን አንቀጽ 27ን ወይም 29ን በንግግር ብቻ አታንሳው፣ በጽሑፍ መልስህ ውስጥ አስገባው። ዳኛው ሳይመልሱት ካለፉ ይግባኙ ላይ «የሥር ፍርድ ቤት ያነሳሁትን ሳይመረምር አልፎታል» ብለህ ጻፍ። በሥር ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ያልሰፈረን ክርክር ይግባኝ ሰሚውም ሰበሩም እንደ አዲስ አይቀበልህም።